ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ መዛል፦ ለታማሚና ለአስታማሚ የሚሆን መመሪያ

ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ለገሃር ድረስ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ሽቅብ ሲወጡት ጤነኛውንም ቁና ቁና ያስተነፍሳል። ስለዚህ እዚያ ዳገት ላይ እግሩ የከዳው ሰው ሰበብ አያጣም፤ ዕድሜ ነው፣ ጾሙ ነው፣ ብርድ መቶኝ ነው ይላል። በማግስቱ የቤቱን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። በሦስተኛው ቀን ከወንበር ለመነሳት ሰው ይደግፈዋል። ቤተሰቡም ወጌሻ ይጠራል፣ ወይም የቢ ቫይታሚን መርፌ ያስወጋል፤ እንዲህ እንዲህ ሲባል ሳምንቱ ያልቃል።

በቀናት ውስጥ ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ መዛል ግን ሳምንት የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ነርቩን ሲያጠቃ የሚመጣው ጊያን ባሬ ሲንድረም ነው፤ ሐኪሞች በአጭሩ ጂቢኤስ ይሉታል። ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ በሁለት ወታደሮች ላይ ያዩትን ከጻፉት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ነው። በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል። ሆስፒታል ከሚተኙት ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልጋቸዋል። በሰዓቱ የደረሰና ትንፋሹ በቅርብ የተጠበቀለት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተነስቶ በእግሩ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ ቤት ውስጥ ከሚታየው የመጀመሪያ ምልክት አንስቶ ከሆስፒታል ወጥቶ እስከ ማገገም ድረስ ያለውን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ሐኪምን አይተካም። ሐኪሙ ዘንድ በጊዜ እንድትደርሱ፣ ስትደርሱም የሚጠቅመውን መረጃ ይዛችሁ እንድትቀርቡ ነው የተጻፈው።

በመጀመሪያ፦ በሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

አንጎል እግርን «ተነስ» ሲለው ትዕዛዙ በአከርካሪ ውስጥ ወርዶ በነርቭ ክር በኩል ጡንቻው ዘንድ ይደርሳል። ጤነኛ የእጅ ነርቭ ይህን ምልክት በሴኮንድ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ያስኬደዋል። ፍጥነቱ የሚገኘው ነርቩ ማይሊን በሚባል ሽፋን ስለተጠቀለለ ነው። ሽፋኑ በየርቀቱ ትንንሽ ክፍተት አለው፤ ምልክቱም ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይጓዛል። መጨረሻ ላይ የነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቅቃል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል።

በጊያን ባሬና በዘመዶቹ ሕመሞች የመከላከያ ሴሎችና ፀረ እንግዳ አካላት ሽፋኑን ወይም ክፍተቶቹን ይመታሉ። አንጎሉ ደህና ነው፣ ጡንቻውም ደህና ነው፤ መልእክቱ ግን መሃል መንገድ ላይ ይዘገያል ወይም ጭራሽ ይቆማል። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መንገድ ቢዘጋ ከማዘጋጃ ቤት የተነሳ መኪና ለገሃር አይደርስም፤ ከዋናው ፖስታ ቤት ፊት የተነሳው ግን ያለ ችግር ይደርሳል። የነርቭ ምርመራ መሣሪያውም እገዳውን የሚያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው። ነርቩን ከተዘጋው ቦታ በታች በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነኩት ጡንቻው በደንብ ይመልሳል፤ ከተዘጋው ቦታ በላይ ሲነኩት ምላሹ ይደክማል ወይም ይጠፋል።

ከዚህ አስታማሚ ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛው፣ የተጎዳ ሽፋን እንደገና ይሠራል፤ ስለዚህ ዛሬ ያልተንቀሳቀሰ እግር ለዘለዓለም ሞተ ማለት አይደለም። ሁለተኛው፣ ለመተንፈስና ለመዋጥ የሚያገለግሉ ጡንቻዎችም ትዕዛዝ የሚደርሳቸው በነርቭ ነው፤ እግሩን የያዘው ነገር እነሱንም ሊይዝ ይችላል።

እርምጃ 1፦ የጀመረበትን ቀን ያዙ

ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው። መልሱ ዐይነቱን ለመለየት ትልቁ ፍንጭ ስለሆነ በግምት አትመልሱ፤ ቤተሰቡ ተነጋግሮ ይስማማበት።

በቀናት ውስጥ እየባሰ ሄዶ ቢበዛ በ4 ሳምንት ጣራው ላይ የሚደርስ ከሆነ ጊያን ባሬ ይጠረጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል። የእግርና የእጅ ጣቶች መደንዘዝና መጠዝጠዝ ይቀድመዋል፤ ወገብና ጭን ላይ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ሊኖርም ይችላል። ከሦስት ሕሙማን ሁለቱ ገደማ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ተቅማጥ ወይም ጉንፋን መሰል ሕመም አሟቸው ነበር። በተለይ ካምፒሎባክተር የተባለው፣ በደንብ ካልበሰለ ዶሮና ካልፈላ ወተት የሚመጣው ባክቴሪያ ከዚህ ሕመም ጋር በቅርብ ይያያዛል። ስለዚህ «ተቅማጡ እኮ ከዳነ ቆየ» ብላችሁ አትተዉት፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከ8 ሳምንት በላይ ቀስ እያለ የሚባባስ ወይም ሄድ መለስ የሚል ከሆነ ሐኪሞች ሲአይዲፒ የሚሉት ሥር የሰደደ ዐይነት ሊሆን ይችላል። ጭንና ትከሻን እንደ እግር ጣቶች ሁሉ ያዝላል፤ ከወንበር መነሳትና ፀጉር ማበጠር ይከብዳል።

ሦስተኛው ዐይነት ከሁሉም ብርቅ የሆነው ኤምኤምኤን ነው። በወራትና በዓመታት ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ እጅ ይጀምራል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ በር ላይ ቁልፍ ማዞር፣ ጣትን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ያቅታል፤ ነገር ግን እጁ አይደነዝዝም፣ ስሜቱ እንዳለ ነው። ብርድ ያብሰዋል፤ በነሐሴ ጠዋት አልታዘዝ ያለው ጣት ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም የሚያድን መድኃኒት ከሌለው ኤኤልኤስ ከሚባል የነርቭ በሽታ ጋር ይምታታል። ኤምኤምኤን ግን ለሕክምና ምላሽ ይሰጣል፤ ስለዚህ እጁ እየሰለለ ስሜቱ ግን ያልጠፋ ሰው ያለ ነርቭ ምርመራ ተስፋ እንዲቆርጥ አትፍቀዱ።

እርምጃ 2፦ ከሚመሳሰሉት ለዩ

የምርመራው ውሳኔ የሐኪም ነው። እናንተ ግን ያያችሁትን በትክክል ብትናገሩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

መዛሉ በደቂቃዎች ውስጥ በአንድ ጎን ከመጣ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተንተባተበ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ከደረት ወይም ከእምብርት በታች በመስመር የተከለለ መደንዘዝ ካለ፣ ሽንትም ከመጀመሪያው አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ አከርካሪው ተጭኖ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ የአከርካሪ ቲቢ አንዱ ምክንያት ነው። ይህም ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

የሚጎትተው እግር የተገተረና ሲራመድ የሚቆላለፍ ከሆነ ምን ይበላ እንደነበር ተናገሩ። በድርቅ ዘመን ጓያ ዋና ምግብ በሆነባቸው በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ወረዳዎች ብዙ ሰው እግሩን አጥቷል። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት ያጠኑት አንዱ ጉዳይ ይኸው ነው። የጓያ እግር ይገትራል፤ የጊያን ባሬ እግር ይልፈሰፈሳል። ሐኪሙ ጉልበቱን በመዶሻ ሲመታ የጓያው ይፈናጠራል፤ የጊያን ባሬው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

የዐይን ቆብ የሚወድቅ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታይ፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚዝል ከሆነ ችግሩ ነርቩ ከጡንቻው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ማያስቴኒያ ይባላል። ሕክምናው የተለየ ነው፤ እንደ ጄንታሚሲን ያሉ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችም ያብሱታል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ።

ባለፉት ወራት የውሻ ንክሻ ከነበረ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በድንገት እጁ ወይም እግሩ ከለሰለሰ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ ወይም ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስታውቁ። የጤና ባለሙያው ፖሊዮ አለመሆኑን ለማረጋገጥ መዛሉ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት የተራራቁ ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ይወስዳል። ልጁ ክትባቱን ጨርሶ ቢሆንም ናሙናው መሰጠት አለበት።

እርምጃ 3፦ ትንፋሹን ቁጠሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

ታማሚውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። የሚችለውን ያህል አየር ይሳብ። ከዚያ ሳይተነፍስ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ ሳይቸኩል «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለ ይቁጠር። የደረሰበትን ቁጥር ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። ጤነኛ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ 40 እና 50 ይደርሳል። ከ20 በታች ከሆነ፣ ወይም ጠዋት 38 የነበረው ማታ 25 ላይ ከቆመ የመተንፈሻ ጡንቻው እየዛለ ነው። ሆስፒታል እስክትደርሱ በየጥቂት ሰዓቱ ደጋግማችሁ አስቆጥሩት።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ያታልላል። ጡንቻው እስኪሸነፍ ድረስ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። «96 ነው፣ ችግር የለም» ብሎ ወደ ቤት መመለስ አይገባም።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሪፈር ወረቀት አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ጥሩ፦

• ጀርባው ላይ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ወይም ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ይተነፍሳል።
• ራሱን ከትራስ ላይ ማንሳት ያቅተዋል።
• ውኃ ትን ይለዋል፣ ምራቁን መዋጥ ያስቸግረዋል፣ ድምፁ ይቀየራል ወይም በአፍንጫው ይናገራል።
• ሁለቱም የፊቱ ጎን ይዝላል፣ ዐይኑን አጥብቆ መጨፈን አይችልም።
• ልቡ ያለ ምክንያት ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ደም ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል።
• ትናንት ይራመድ የነበረው ዛሬ መቆም አልቻለም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። አምቡላንስ እስኪመጣ ታማሚው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ የሚበላም የሚጠጣም ነገር በአፉ አትስጡት። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ መዋጥ ላቃተው ሰው ግን አጥሚቱም ጉርሻውም ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጠበል መውሰድ የምትፈልጉ ቤተሰቦች ጸሎቱን አታቋርጡ። ነገር ግን ታማሚው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ትንፋሹ እየታየ ይሁን። ወጌሻውን ግን ተዉት፤ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ሥሩም አልዞረም፤ መታሸት የነርቭ ሽፋን አይመልስም።

እርምጃ 4፦ የት፣ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

የፒያሳና የአራዳ ነዋሪ ከሆናችሁ ቅርብ ናችሁ። ቸርችልን ስትወርዱ የምታገኙት ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው፤ የአገሪቱ የነርቭ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስድስት ኪሎ የካቲት 12፣ ከዚያም ዳግማዊ ምኒልክና ራስ ደስታ ሆስፒታሎች አሉ። በአማራ ክልል የምትኖሩ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልንና የባሕር ዳሩን ጥበበ ግዮን አስቡ። ትንፋሹ የሚያጥረውን ሰው በሚኒባስ አጋድማችሁ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አዲስ አበባ አትጓዙ። መጀመሪያ አቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል ይረጋጋ፤ ከዚያ ሐኪሙ በስልክ ተነጋግሮ በአምቡላንስ ይላከው።

በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ደብተሩን ያዙ፤ ችግሩ አስቸኳይ ካልሆነ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ይጻፍላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት «የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባዶ አልጋና የመተንፈሻ ማሽን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አልጋ ፍለጋ የሚጠፋው ሰዓት ከሁሉ የከፋው ነው።

አንድ ደብተር ግዙና የመጀመሪያውን ገጽ እንዲህ ሙሉ፦ ስምና ዕድሜ፤ ክብደት በኪሎ፤ መዛሉ የጀመረበት ቀንና ቦታ፤ ከዚያ በፊት የነበረ ተቅማጥ፣ ጉንፋን፣ ክትባት ወይም ቀዶ ሕክምና፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፤ አለርጂ፤ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የኤችአይቪ ሁኔታ። ከሥሩ በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ፦ ያለ ድጋፍ ተራመደ ወይ? እጁን ከራሱ በላይ አነሳ ወይ? ትንፋሹ ስንት ቆጠረ? ምን ዋጠ? ክብደቱ ኋላ ለመድኃኒት ስሌት ስለሚያስፈልግ መቆም ሳያቅተው መዝኑት።

እርምጃ 5፦ ምርመራዎቹን ሳትፈሩ ተቀበሉ

ጊያን ባሬን ሐኪሙ በዋነኝነት የሚለየው በታሪኩ፣ በመዶሻውና በእጁ ነው። ሌሎቹ ምርመራዎች ያረጋግጣሉ፤ ሕክምናው ግን ሁሉም ውጤት እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም።

ከወገብ ውኃ መውሰድ ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፤ «ሽባ ያደርጋል» ይባላል። መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ነርቭ ግንድ ከሚያበቃበት በታች ስለሆነ ግንዱን አይነካም። በጊያን ባሬ በፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ ሴሎቹ ግን አይበዙም። በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ያ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሴሎቹ በዝተው ከተገኙ ሐኪሙ ኤችአይቪንና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን ይፈልጋል።

የነርቭ ምርመራው፣ ከላይ በጠቀስነው መንገድ ምልክቱ የት እንደዘገየና የት እንደቆመ ያሳያል። ትንሽ ይነዝራል እንጂ አይጎዳም። መሣሪያው ያለባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ከክልል ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። እሱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግልጽ ላይሆን ስለሚችል ሐኪሙ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገም ቢላችሁ አትከፉ። በሲአይዲፒና በኤምኤምኤን ግን ውሳኔው በአብዛኛው የሚቆመው በዚህ ምርመራ ላይ ነው።

የደም ምርመራው ፖታሲየም፣ ስኳር፣ ኩላሊትና ኤችአይቪን ያያል። ፖታሲየም ሲወርድ ብቻውን ሰውነትን ሊያዝል ይችላል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ ይታከማል።

እርምጃ 6፦ ስለ ሕክምናው ጠይቁ፣ ገንዘባችሁንም ጠብቁ

ለጊያን ባሬ የተረጋገጡ ሁለት ሕክምናዎች አሉ። አንደኛው ከብዙ ሰዎች ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል በደም ሥር መስጠት ነው፤ አይቪአይጂ ይባላል። ሁለተኛው ፕላዝማ ልውውጥ ነው፤ የታማሚው ደም በማሽን ወጥቶ፣ ነርቩን የሚያጠቃው ያለበት ፈሳሽ ተለይቶ፣ ደሙ ይመለስለታል። ሁለቱ እኩል ይሠራሉ፤ ደርቦ መስጠት ብልጫ የለውም። አይቪአይጂ መዛሉ ከጀመረ በ2 ሳምንት ውስጥ፣ ፕላዝማ ልውውጥ በ4 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። በተለይ የሚሰጡት ያለ ድጋፍ መራመድ ላቃተው ሰው ነው።

የአይቪአይጂው መጠን በክብደት ይሰላል፦ በቀን ለአንድ ኪሎ 0.4 ግራም፣ ለ5 ቀን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጠቅላላው 120 ግራም ይወስዳል፤ ጠርሙሱ 5 ግራም ከሆነ 24 ጠርሙስ ማለት ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ መላው ቤተሰብ፣ እድሩና ውጭ ያለው ዘመድ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እነዚህን ልብ በሉ፦

• መጀመሪያ የሆስፒታሉን መድኃኒት ቤት፣ ቀጥሎ ከነማንና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ጠይቁ። ከማይታወቅ ሰው እጅ አትግዙ።
• መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ መሆን ግን የለበትም። ከውጭ በሻንጣ የሚላክ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ለመቀበልም ሆነ ለመስጠት ሐኪሙን አስቀድማችሁ አማክሩ። ደረሰኙንና የጠርሙሱን ቁጥር አስቀምጡ።
• ሙሉውን መጠን ሳታሟሉ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ አቅማችሁን በግልጽ ንገሩት፤ ፕላዝማ ልውውጥ ይቻል እንደሆነም ጠይቁት። ባንግላዴሽ ውስጥ ሐኪሞች ማሽን በሌለበት በትንሽ መጠን የሚደረግ የፕላዝማ ልውውጥን ሞክረዋል፤ ይህ የሚያሳየው አቅም ባነሰበትም መፍትሔ እየተፈለገ መሆኑን ነው።
• የመጀመሪያው ዙር ካለቀ በኋላ ለውጥ ባለመታየቱ ብቻ ለሁለተኛ ዙር ቤት አትሽጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በከባድ ሕሙማን ላይ ሁለተኛ ዙር አይቪአይጂ ጥቅም እንዳላስገኘ፣ ይልቁንም ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት እንዳበዛ አሳይቷል። ማገገም ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፤ ተሽሎት ቆይቶ እንደገና ከባሰበት ግን ውሳኔው የሐኪሙ ነው።
• ኮርቲሶን ለጊያን ባሬ አይጠቅምም። ለሲአይዲፒ ግን ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለኤምኤምኤን ደግሞ ሊያብሰው ይችላል፤ የእሱ ሕክምና አይቪአይጂ ነው። የጎረቤት ልጅ ከኮርቲሶን ወገን በሆነው ፕሬድኒሶሎን ዳነ ተብሎ የሚወሰድ እንክብል ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ሁለቱም ሕክምናዎች ባይገኙስ? አሁንም ሰውን የሚያድን ሕክምና አለ፦ ትንፋሽን መጠበቅ፣ በሰዓቱ ማሽን ላይ ማድረግ፣ ኢንፌክሽንና የደም መርጋትን መከላከል። አይቪአይጂ ማገገምን ያፈጥናል፤ በሕይወት የሚያቆየው ግን ይህ ጥበቃ ነው።

ቀዶ ሕክምና ወይም የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስፈልግ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ጊያን ባሬ መሆኑን አስታውሱ። ሳክሲኒልኮሊን የተባለው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በእነዚህ ሰዎች ላይ ፖታሲየምን በአደገኛ ሁኔታ ሊያንር ይችላል።

እርምጃ 7፦ አልጋው አጠገብ የእናንተ ሥራ

ነርሶች ብዙ ሕሙማን አሏቸው፤ አስታማሚ ሊያግዝ የሚችልበት ቦታ ሰፊ ነው።

በየ2 ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት፤ ተረከዙን፣ ዳሌውንና የጀርባውን ታች እዩ። የቀላ ቆዳ የቁስል መጀመሪያ ነው። እግሮቹን በቀስታ አጥፉ፣ ዘርጉ፤ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ደግፉት፣ ካልሆነ እግሩ ወደ ታች ተጥሎ ይደርቃል። ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ የላላ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል። ዐይኑን መጨፈን ካልቻለ ነርሷን ቅባትና መሸፈኛ ጠይቁ። «ያመኛል» ካለ እመኑት፤ የነርቭ ሕመም እውነተኛ ነው፣ መድኃኒትም አለው።

አልጋ ላይ በድንገት ቀና ስታደርጉት ደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ቀስ በሉ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ደረቱን በድንገት ከወጋው ወዲያው ሐኪም ጥሩ፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ በዛ ማለት ታማሚው ይወደዳል ማለት ነው፤ ሳል ያለበት ሰው ግን በር ላይ ይመለስ፣ የገባውም እጁን ይታጠብ።

ማሽን ላይ ያለ ሰው አይናገርም እንጂ ይሰማል፤ አእምሮው ሙሉ ነው። አልጋው አጠገብ ሆናችሁ ስለ ወጪው ወይም ስለ ሞት አትነጋገሩ። ስሙን ጠርታችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ሊጠይቀው እንደመጣ ንገሩት። «አዎ» ሲል አንድ ጊዜ፣ «አይ» ሲል ሁለት ጊዜ ዐይኑን እንዲጨፍን ተስማሙ። «ያመሃል? ልገልብጥህ? አክታ ይወጣልህ?» እያላችሁ በተራ ጠይቁት። ፊደል በትልቁ ጽፋችሁ በጣታችሁ ብታሳዩት ቃል እየሠራ ሊመልስላችሁ ይችላል።

እርምጃ 8፦ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ

መመለሱ አብዛኛውን ጊዜ በመጣበት ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ትንፋሽና እጅ፣ በመጨረሻ እግር። ሽፋኑ ብቻ የተጎዳበት ሰው በሳምንታትና በወራት ይሻለዋል፤ የነርቩ ክር ራሱ ከተቆረጠ ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከ6 ወር በኋላ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ገና ያለ ድጋፍ አይራመድም፤ ከዚያ በኋላም መሻሻል ይቀጥላል።

ፊዚዮቴራፒውን ሳምንት ሳያልፍ ጀምሩ። እንቅስቃሴው አጭር አጭር ይሁን፣ በመሃሉ ዕረፍት ይኑር። የተዳከመ ጡንቻን እስኪንቀጠቀጥ ማሠራት አያፈጥነውም፤ በማግስቱ የባሰ ከዛለ ትናንት በዝቶበታል ማለት ነው። መጀመሪያ በቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ በሜዳ መንገድ ይራመድ። ቸርችልን መውረድ ከመውጣት ይቀላል ብላችሁ አትሳቱ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበት የሚይዘው የጭን ጡንቻ ካልጠነከረ ሰው ይወድቃል። የእግር ጣቱ መሬት የሚጎትት ከሆነ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ መሣሪያ እንዲታዘዝለት ጠይቁ።

ለወራት የሚቆይ ድካም የተለመደ ነው፤ ስንፍና አይደለም። አሠሪውን በሐኪም ወረቀት አስረዱ፤ ግማሽ ቀን እየሠራ እንዲጀምር ተስማሙ።

ደብተሩን አትጣሉ። በጥቂት ሕሙማን ላይ ጊያን ባሬ የመሰለው ኋላ ሲአይዲፒ ሆኖ ይገኛል፤ ከ8 ሳምንት በኋላ እንደገና መባባስ ከታየ፣ ወይም ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ነርቭ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሱ። ወደፊት ክትባት ሲኖር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ደብተሩን አሳዩ። የሲአይዲፒና የኤምኤምኤን ሕሙማን ደግሞ ሕክምናቸው ለዓመታት ስለሚቀጥል የመድኃኒቱ ቀን ሳያልፍ የሚያስታውስ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይመድቡ፤ እጃቸውን በየወሩ በአንድ ዐይነት ሥራ ፈትነው ይመዝግቡ፣ ለምሳሌ አምስት የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ።

ዶሮ እስከ አጥንቱ ይብሰል፣ ወተት ይፍላ፣ ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላና ሰሌዳ ሳይታጠብ ሰላጣ አይቆረጥበት። ይህ ሕመሙን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ከታወቁት መነሻዎች አንዱን ግን ከቤታችሁ ያርቃል።

በዚህ ሕመም ሰው የሚሞተው ነርቩ መዳን ስለማይችል ሳይሆን፣ ነርቩ ሽፋኑን እስኪሠራ ድረስ ትንፋሹን የሚጠብቅለት ስላጣ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ትናንት የወጣውን ደረጃ ዛሬ መውጣት ያቃተው ሰው ካለ ነገን አትጠብቁ፤ አስቀምጡት፣ ትንፋሹን አስቆጥሩት፣ ዛሬውኑ ውሰዱት።